186,000 ብር አለን፤ ለሰባት ነገር እንበትነው ወይስ አንድ ነገር ላይ እናውለው?

ገንዘብ ያዥ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የላየንስ ክለብ (በበጎ ፈቃድ ሕዝብን የሚረዳ ማኅበር) አባል ነኝ። 23 ነን፤ መምህር፣ ባለሱቅ፣ ጡረተኛ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ። ለገና ባዛር አዘጋጅተን ቶምቦላ ሸጠን፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 186,000 ብር ተረፈን። ጭቅጭቁ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እሁድ በነበረን ስብሰባ ሰባት ሐሳብ ቀረበ፦ ለፋሲካ ማዕድ ማጋራት፣ ደብተር፣ ለሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ፣ የአንዲት አሮጊት ቤት ጣራ፣ ኩላሊታቸውን ለሚታጠቡ ጎረቤታችን እርዳታ፣ ችግኝ፣ የዓይን ሕክምና። ሊቀመንበራችን ማንም ቅር እንዳይለው ለሰባት እናካፍለው አሉ። ለእያንዳንዱ 26,500 ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚሁ ላይ የአዳራሽ ኪራይና የሻይ ቡና ይቆረጥ የሚሉም አሉ። ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው፣ ሐዋሳ፦ ልጄ፣ ከሻይ ቡናው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ላየንስ ውስጥ ሁለት ሒሳብ ነው የሚያዘው። ከሕዝብ የተሰበሰበ ለሕዝብ ይውላል፤ ኪራዩ፣ ወረቀቱ፣ ሻዩ ከአባላት መዋጮ ይሸፈናል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚተዳደሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለአስተዳደር እስከ 20 በመቶ እንደሚፈቀድላቸው አውቃለሁ፣ የእናንተ ደንብ ግን ከዚያ የጠበቀ ነው። ባንክ ሁለት ደብተር አውጡ። እኔ ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ክለብ አንድ ዓመት ከባዛሩ ገንዘብ ላይ እራት በላን። ወሬው ገበያ ደረሰ፣ በማግስቱ ዓመት ቶምቦላውን የሚገዛን ጠፋ።

ዓይኑን በተመለከተ ግን ባለሙያ ይምጣልህ። እኔ የማውቀው ታሪኩን ነው፦ ማየትም መስማትም የተሳናት አሜሪካዊቷ ሔለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1925 ኦሃዮ ላይ በላየንስ ጉባኤ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን ቁሙላቸው ብላ ለመነቻቸው። ክለቡ ዓይንን የሙጥኝ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዓይን ነርስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወረዳ ላይ የምሠራ የዓይን ነርስ ነኝ፤ ረዘም ካለብኝ ይቅርታ።

በእናንተ አካባቢ አሮጊቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ምን እንደሚይዙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወረንጦ። ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ ሲይዝ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ያበጅና ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ፀጉሩ ብሌኑን ሲፍቀው ይውላል። አሮጊቷ ጠዋት በር ላይ ፀሐይ ፊት ተቀምጠው በወረንጦ ይነቅሉታል፣ ካልታያቸው የልጅ ልጃቸው ይነቅልላቸዋል። በጥቂት ሳምንት አጥሮና ጠንክሮ ይበቅላል። እንዲህ እያለ ብሌኑ ነጭ ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ ብርሃኑን የሚመልስ ቀላል ነገር የለም።

ቀዶ ሕክምናው ግን ማደንዘዣ ተወግቶ ለአንድ ቆብ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ የሠለጠነ ነርስ ይሠራዋል። እኛ ጋ በነጻ ነው። የትራኮማው መድኃኒትም እንዲሁ፤ አዚትሮማይሲን ይባላል፣ ፋይዘር የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ በእርዳታ የሚሰጠው ነው፣ በዘመቻ ጊዜ ልጆቹን በቁመት መለኪያ ዘንግ እያቆምን መጠኑን በቁመታቸው እንሰጣለን። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና እንክፈል ብላችሁ ገንዘባችሁን አታምጡልን!

እኛ ጋ የሚጎድለው ሰዉ ነው። 40 ሰው መዝግበን 15 ይመጣል። ለምን? ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ባጃጁ ውድ ነው፣ አስታማሚ የለም፣ «ዓይኔን ሊያወጡት ነው» የሚል ወሬ አለ፣ ደግሞ አጨዳ ነው። ክለባችሁ የደርሶ መልሱን ትራንስፖርት፣ የታማሚውንና የአስታማሚውን ምሳ፣ ማደር ካለ ማደሪያውን ይሸፍን። ክር ለማውጣት በሳምንቱ ግድም የሚመለሱበትንም አትርሱ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ዞራችሁ እዩአቸው፣ ፀጉሩ ተመልሶ የሚበቅልባቸው አሉ።

መጀመሪያ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሂዱና የዘመቻውን ቀን ጠይቁ። ከሥራ ወቅትና ከመንገድ መዘጋት ጋር አያይዛችሁ ቀን ቁረጡ።

ማሚቱ፣ ሜሪላንድ፦ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የእናቴን ወረንጦ አስታወስሽኝ። እዚህ ላየንሶች ያገለገለ መነጽር በየሱቁ ሣጥን አድርገው ይሰበስባሉ። ሁለት ሻንጣ ሞልቼ ብልክስ?

የዓይን ነርስ፦ እህቴ፣ ልብሽን ወድጄዋለሁ፣ መነጽሩን ግን አትላኪው። ያገለገለ መነጽር የሌላ ሰው ቁጥር ነው፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ነው፣ ግማሹ ተጭሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ስንለካ ውለን ከአንድ ሻንጣ ለሦስት ሰው ብቻ የገጠመልን ጊዜ አለ። ለሻንጣው የምትከፍዪውን ላኪላቸውና እዚሁ አዲስ የማንበቢያ መነጽር ይግዙበት። ከ40 ዓመት በላይ ላለ ልብስ ሰፊ፣ ሸማኔ፣ ዳዊት ደጋሚ ከ1 እስከ 3 ያለው ቁጥር ብዙውን ይበቃዋል። መርፌ ማስገባት አቅቶት ማሽኑን የሸጠ ልብስ ሰፊ አውቃለሁ። የተማሪ መነጽር ግን ተለክቶ የሚሠራ ነው፣ እሱን ከባለሙያ ውጭ እንዳትነኩት።

የእድር ጸሐፊ፦ እኔ ደግሞ ማዕድ ማጋራትን አትናቁ እላለሁ። ፋሲካን ጦሙን የሚያድር ጎረቤት እያለ ስለ መነጽር ማውራት ለሰው ይከብደዋል። ግን እሱ የእድር ሥራ ነው፤ ዘይትና ዶሮው ከጎረቤት ይዋጣል፣ 186,000 ብር አያስፈልገውም። የዓይኑን ሰው ለማግኘት ከፈለጋችሁ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ያዙ። በየትኛው ቤት ማን እንደተኛ፣ ማን በልጅ እየተመራ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያልኩትን ሞክሩት።

ጡረተኛው፣ ሐዋሳ፦ የፎቶውንም ነገር ላንሳ። ዓይኗ በፋሻ የታሰረች አሮጊት ጎን ባነር ይዛችሁ እንዳትቆሙ።

ገንዘብ ያዥ (ጠያቂ)፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሲስተርን በተለይ። ትናንት ከሊቀመንበሩና ከጡሩምባ ነፊው ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ሰውዬው በቃሉ ብቻ 31 ቤት ቆጠረልን፣ ከሊቀመንበሩ አክስት ቤት ጀምሮ። ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ ስለ ሰባቱ አላነሱም። ለአንድ ታማሚና ለአስታማሚው የክር ማውጫውን ጉዞ ጨምረን ስናሰላው 1,800 ብር ገደማ መጣ፤ ለ60 ሰው 108,000 መደብን። 30,000 ለማንበቢያ መነጽር፣ የቀረው 48,000 ክትትል ለሚያስፈልጋቸውና ለመጠባበቂያ። የአዳራሹ ኪራይ ከመዋጮ ይከፈል በሚለው ሁለት ሰው አኩርፏል፣ ያልፍላቸዋል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የባጃጅ ሾፌሮቹን በቀን እንከራያቸው ወይስ በምልልስ?

የእድር ጸሐፊ፦ በቀን። በምልልስ ከሆነ አሮጊቷን ሳትዘጋጅ ያስቸኩሏታል። ነዳጁን እናንተ ሙሉላቸው፣ ስልካቸውን ለሲስተሯ ስጡ።