ከጋገራ በኋላ የሚቀረው የምጣድ ሙቀት

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንደጋለ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ዕቃ በመሆኑ፣ የሚተርፈውን ሙቀት ለምን ልናውለው እንችላለን?

መልስ 1፦ ቁጠባው የሚጀምረው ጋገራው ከማለቁ በፊት ነው። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ፣ ሊጡ ሊያልቅ ሲል ቢያጠፉት የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች በቀረው ግለት ዓይን አውጥተው ይበስላሉ፤ ሊጡ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ከደከመ ግን ማቆም ይሻላል። ከዚያም የሰነበተ እንጀራ ቆራርጠው ያስጡበት፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ አክንባሎውን ገርበብ ካደረጉት ጥሩ ድርቆሽ ይወጣዋል።

መልስ 2፦ በድርቆሹ እስማማለሁ። በተረፈው ሙቀት ውኃ ማሞቅን ግን አልደግፍም፤ በጋለ ሸክላ ላይ ውኃ ከፈሰሰ ሊሰነጥቀው ይችላል። እንደ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው መጋገራቸው ነው፤ ሁለተኛዋ ጋጋሪ ምጣዱን ከቀዝቃዛው ጀምሮ ለማጋል የሚባክነውን ኃይል ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ታተርፋለች።

መልስ 3፦ ከሸክላው ሥር ሙቀት የማያሳልፍ ነገር መኖሩንም በባለሙያ ያስፈትሹ፤ አለበለዚያ ግለቱ በታች በኩል ያመልጣል።