ስቱዋርት ካውንቲ ያለ እስር ቤቱ መኖር ይችላል ወይ?

አድሚን፦ የትናንቱ ክርክር ይቀጥል። ለአዲስ ገቢዎች፣ ስቱዋርት አሜሪካ ውስጥ በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ ግዛት ቻታሁቺ ወንዝ ዳር ያለ የገጠር ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ በሉት) ነው፣ ዋና ከተማው ለምፕኪን። በ2006 የተከፈተው የኢሚግሬሽን እስር ቤት ይዘጋ ወይስ ይቆይ? ስድብ የለም።

ትራክ ሹፌሩ፦ ይዘጋ የምትሉት ለምፕኪንን አይታችኋታል? ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተህ ስትደርስ ፍርድ ቤቱ አለ፣ ዙሪያውን የተዘጋ ሱቅ፣ ከዛ ወዲያ ጥድ ነው ጥድ ነው ጥድ። እስር ቤቱ ሲዘጋ ያ ሁሉ ጠባቂና ወጥ ቤት የት ይግባ፣ ኮሎምበስ ከተማ ድረስ በየቀኑ ይመላለስ?

የወሎ ልጅ፦ ድህነቱን ማን ካደ ጋሼ፣ ከየት እንደመጣ እንይ እንጂ። ክሪክ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው ተገፍተው በ1830 ካውንቲው ሲቆም በባሪያ ጉልበት በዋናነት ጥጥ ነበር የሚመረተው፣ በ1850 ከ16 ሺህ በላይ ሰው ነበረው። ተዳፋቱን ከላይ ወደ ታች አረሱት፣ እርከን የለ ምን የለ፣ ጎርፍ ጠረገው። እዛው ካውንቲ ቱሪስት የሚያየው ፕሮቪደንስ ካንየን የሚሉት እኮ ካንየን (ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ) አይደለም ቦረቦር ነው! በ1850 ከ3 እስከ 5 ጫማ የነበረው ቦይ ዛሬ 150 ጫማ ገደል ሆኗል። ቀዩና ነጩ አፈር ተገልጦ ፈረንጁ ሰልፊ ሲነሳበት እኔ የአባቴ ማሳ ነው ትዝ ያለኝ።

ታዛቢ፦ ሃሃሃ ጥያቄው እስር ቤት ነው ወንድሜ

የወሎ ልጅ፦ እሱኑ ነው የምልህ፣ ያኔም በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠሉ አሁንም እንደዛው።

እታለም፦ በ2020 ቆጠራ 5,314 ሰው ተብሏል፣ እስረኞቹም ነዋሪ ተብለው ተቆጥረው ነው እኮ፣ እስር ቤቱ ደግሞ ወደ 2 ሺህ ይይዛል፣ በሉ እናንተው ቀንሱት። ካውንቲው ለዓመታት በአንድ እስረኛ በቀን የሚደርሰው ከዶላር በታች ነበር፣ ዋናው ብር የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ኪስ ነው የሚገባው።

ትራክ ሹፌሩ፦ ለደሃ ካውንቲ ሳንቲምም ብር ነው እታለም። ቱሪስት ልትሉኝ ነው አውቃለሁ፣ ሰው ግን ሳንድዊቹን ከአትላንታ ይዞ መጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ እኔም ያደረግኩት እሱን ነው።

እታለም፦ እርስዎም በስደት ነው የመጡት ጋሼ፣ እሱንም አይርሱ።

ትራክ ሹፌሩ፦ አልረሳሁም የኔ እህት፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ግን ኦቾሎኒና ጥድ ስንት ሰው ይቀጥራል? ባለፈው ቆሜ ሳይ ያን ሁሉ ጥድ በማሽን የሚቆርጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሐሙስ በዛ በኩል ሎድ አለኝ፣ መልስ ያለው እስከዛ ይጻፍልኝ።