ሜሪላንድ ውስጥ ለመራጭነት ስመዘገብ የግድ ፓርቲ መምረጥ አለብኝ?

ጥያቄ፦ አዲስ መራጭ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ በቅርቡ የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽሜያለሁ። የመራጮች መመዝገቢያ ቅጹ ስምና አድራሻ ካስሞላ በኋላ ፓርቲ እንድመርጥ ይጠይቀኛል። በኢሠፓ ዘመን ያደግሁ ሰው በመሆኔ፣ የፓርቲ አባልነት ሲባል የሚታየኝ የአባልነት ደብተር፣ ወርኃዊ መዋጮና የማይቀርበት ስብሰባ ነው። ቦታውን ባዶ ብተወው ምን ይቀርብኛል? ብሞላውስ ለሌላ ፓርቲ እጩ ድምፅ መስጠት እከለከላለሁ? ባለቤቴ ገና ግሪን ካርድ ላይ ናት፤ አብራኝ መመዝገብ ትችላለች?

መልስ፦ በምርጫ ጣቢያ ያገለገለ

እንኳን ደስ ያለዎት። ይህ እርስዎ ከሚያውቁት አባልነት ጋር አይገናኝም፤ መዋጮም ስብሰባም የለውም፣ በኖቬምበሩ ጠቅላላ ምርጫም ለፈለጉት እጩ ድምፅ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው በቅድመ ምርጫ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፓርቲ ለኖቬምበሩ የሚያቀርበው እጩ በሚለይበት ምርጫ ነው። ሜሪላንድ የዴሞክራቶችን እጩ እንዲመርጥ የምትፈቅደው ዴሞክራት ሆኖ ለተመዘገበ፣ የሪፐብሊካኖችንም ለሪፐብሊካን ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ ያሉበት ወረቀት ነው። ይህን ሳያውቅ መጥቶ የሚቆጣ መራጭ አይጠፋም፤ ነገር ግን የተመዘገበ ሰው ፓርቲ መቀየር የሚችለው ቅድመ ምርጫው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ በመሆኑ በዕለቱ ልንረዳው አንችልም።

ባለቤትዎ ግን በፍጹም እንዳይመዘገቡ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የሚቀርብላቸውን የመራጭነት ጥያቄ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ ይንገሯቸው።

መልስ፦ ነባር ነዋሪ

እኔ ብሞላው ይሻላል ባይ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሞንጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተመረጡት 11 የምክር ቤት አባላት 11ዱም ዴሞክራቶች ናቸው፤ ስለዚህ ማን እንደሚያስተዳድረን የሚለየው በቅድመ ምርጫው እንጂ በኖቬምበር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ስለ ፓርቲ አንዲት ቃል አይናገርም፣ ጆርጅ ዋሽንግተንም እ.ኤ.አ. በ1796 ባደረገው ስንብት የፓርቲን መንፈስ አጥብቆ ኮንኖ ነበር። ቅድመ ምርጫ የተስፋፋው በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ እንደ ዊስኮንሲኑ ሮበርት ላ ፎሌት ያሉ ሰዎች እጩ የመምረጡን ሥልጣን ከፓርቲ አለቆች እጅ አውጥተው ለመራጩ ለመስጠት በታገሉበት ወቅት ነው። ያ መብት በእጅዎ ሳለ ሳጥኑን ባዶ መተው አይታየኝም።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

በዚህ በከፊል አልስማማም። የማያምኑበትን ፓርቲ ለጥቅም ሲሉ መሙላት፣ ሕጉ ባይከለክለውም፣ እኔን አይመቸኝም። በእኛ በቨርጂኒያ ቅጹ ፓርቲ አይጠይቅም፤ በቅድመ ምርጫው ዕለት የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መርጠው ይወስዳሉ፣ ሁለቱንም መውሰድ ግን አይቻልም። ይህ ይበልጥ ቀና ይመስለኛል።

መልስ፦ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ልጨምር። አጠገባችሁ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ ብቻ እንዲሳተፉ ትፈቅዳለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት ከተማ ስላልሆነች፣ እዚያ እያላችሁ ይህ ዕድል አይኖርም።

ጠያቂው፦ አዲስ መራጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመረጥሁት ፓርቲ ለሌላ ሰው ይታያል?

መልስ፦ በምርጫ ጣቢያ ያገለገለ

የተመዘገቡበት ፓርቲና በየትኛው ምርጫ ድምፅ እንደሰጡ በመዝገብ ላይ ስለሚገኝ፣ የምርጫ ዘመቻዎች ዝርዝሩን ወስደው ደብዳቤና የስልክ ጥሪ ያበዙብዎታል። ለማን ድምፅ እንደሰጡ ግን የትም አይመዘገብም።