ለጥር 1 የእስጢፋኖስ መዝሙር፦ ስንኙ ድንጋይና ደም ብቻ ሆነብን

የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር ክፍል ሕፃናትንና ማዕከላውያንን አስጠናለሁ። ለጥር 1፣ ለቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል፣ አዲስ መዝሙር አውጡ ተባልን። ወጣቶቹ ተሰብስበው ስንኝ ቋጠሩ። እንዲህ ይጀምራል፦

ደምህ ፈሰሰ እንደ ጎርፍ ውኃ፣
አጥንትህ ደቀቀ በዚያ በረሃ።

እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው የሚሄደው። ዜማው ደስ ይላል፤ ከበሮውም ጥሩ ይገባል። ልምምድ ላይ ግን አንዷ ትንሽዬ ልጅ መሃል ላይ ዝም አለች። ምነው ስላት፣ «እሱስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ስንኝ መዝሙሩ ውስጥ የለም። ሲወግሩት እንጂ ሲያምን አይታይም።

ሌላም ነገር አለ። ከምእመናኑ መካከል ልጃቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ። ደም፣ ደም የሚለው ሲደጋገም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ። ማስለቀስ ምን ይከብዳል? ከለቅሶው በኋላ ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው የጠፋኝ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ የትኛውን ክፍል ብንይዝ ይሻላል? ልጆች በቃላቸው ሊይዙት የሚችሉት ይሁን። እና እባካችሁ «ጸልዩበት» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ። እየጸለይንበት ነው።

ድጓ ቀጻይ

እኅታችን፣ ልጅቷ ጥሩ አድርጋ ጠይቃለች። መጀመሪያ «በረሃ» ይውጣ። ሐዋርያት ሥራ 7፥58 ከከተማ ወደ ውጭ አውጥተው ወገሩት ነው የሚለው። ከተማዋ ደግሞ ኢየሩሳሌም ናት። በረሃው የመጣው ከ«ውኃ» ጋር ቤት እንዲመታ ነው። ቤት ሲጠፋው በረሃ የማይወጣ ገጣሚ የለም።

ለልጅቷ መልሱ እዚያው ምዕራፍ ላይ አለላችሁ። ሰማይ ተከፍቶ የሰው ልጅን በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ አየ። «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፥ ነፍሴን ተቀበል» አለ። ከዚያ ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» ብሎ ጮኸ። በአማርኛ ብትሉት እንዲህ ይሆናል፦

ሰማይ ተከፍቶለት ጌታውን እያየ፣
ለወገሩት ሁሉ ይቅርታ ጸለየ።

ሁለተኛው ቤት ስለ ሳውል ይሁን። ይህን ብዙ መዝሙር አይነካውም። ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን ያስቀመጡት በሳውል እግር አጠገብ ነው፤ በመገደሉም ተስማምቶ ነበር። ያ ሰው ነው በኋላ ጳውሎስ ሆኖ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈው። ምዕራፍ 8 ቁጥር 36ን አንብቡት፤ «ስለ አንተ ቀኑን ሁሉ እንገደላለን» የሚለውን ከዳዊት መዝሙር 43 ይጠቅሳል። ልብስ ጠባቂው የሰማዕታትን መዝሙር ለራሱ ዘመረው ማለት ነው። የእስጢፋኖስ ጸሎት የት እንደደረሰ ከዚህ በላይ ምን ይታያል? (አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መዝሙር 44 ነው የሚለው። የቁጥር ልዩነት ነው፤ ልጆቹ እንዳይደናገሩ።)

ከሰላሌ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ግን የምለው፣ ለምን ኢየሩሳሌም ብቻ እንሄዳለን? አቡነ ጴጥሮስ የፍቼ ተወላጅ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ ፋሺስት ረሸናቸው። በዓመቱ፣ ግንቦት 1929፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ወጣት ዲያቆናቱን ግን እዚያው አልገደሏቸውም። ወደ እናንተው ደብረ ብርሃን ወስደው እንገጫ በሚባለው ቦታ ነው የረሸኗቸው። እስጢፋኖስ ሊቀ ዲያቆናት አይደል? ዲያቆኖቹ እናንተ ደጅ ናቸው። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ?

መሐል ሜዳ

ሁሉንም አነበብኩ። ይቅርታው ልክ ነው፤ ግን አትቸኩሉ። ልጇ የሞተባት እናት ፊት ቆሞ በመጀመሪያው ስንኝ «ይቅር በይ» ማለት ይከብዳል። እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣ ሽማግሌዎች በዓይናቸው ነው የሚያስወጡት።

መጽሐፉም እኮ አይቸኩልም። ራእይ 6፥9-11 ላይ የታረዱት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው «እስከ መቼ ድረስ አትፈርድም» እያሉ ይጮኻሉ። ሰማይ ላይ ሆነው ነው ይህን የሚሉት። ዝም በሉ አልተባሉም፤ ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት ጊዜ እንዲያርፉም ተነገራቸው። ያቺ «እስከ መቼ» የምትለዋ ቃል መዝሙሩ ውስጥ ትግባ። እናቶቹ የራሳቸውን ድምፅ ይሰማሉ።

ወለተ ጊዮርጊስ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ሲያልቅ ቴሌግራም ላይ ልቀቁልን በማርያም።

የጠባሴዋ

አሜን፣ ሁላችሁም አገልግሎታችሁን ይቀበልላችሁ።

ድጓ ቀጻይ፣ በረሃው ወጥቷል። ስንኙን የጻፈው ልጅ ትንሽ ተኮሳተረ፤ ሳውልን ስነግረው ግን ወዲያው ብዕር አነሳ። ያችን ሁለት ስንኝ ለልጅቷ ሰጥቻታለሁ፤ ብቻዋን ነው የምትላት። ትናንት በጋቢ ተጠቅልላ አጠናቻት። ውርጩን ታውቁታላችሁ።

መሐል ሜዳ፣ ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ነው ቅደም ተከተሉን የቀየረው። መግቢያው «እስከ መቼ» ሆነ፤ ከበሮ የለውም፣ ጭብጨባም የለውም። ከበሮው የሚገባው «ሰማይ ተከፍቶለት» ላይ ነው። አንድ እናት ልምምድ ላይ ከኋላ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ነጠላቸውን አልጣሉም። «ይችን ድገሙልኝ» አሉ፣ መግቢያዋን።

ከሰላሌ፣ ስለ እንገጫ የሰሙት ከልጆቹ ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱም ከአያቶቻቸው ነው። መዝሙሩ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። የጥር 1 መዝሙር የእስጢፋኖስ ነው፤ ሁሉን አንድ ላይ ብንጠቀጥቀው ልጆቹ ማንን እንደሚያስቡ ይጠፋቸዋል። ይልቅ ከመዝሙሩ በፊት አንድ ወጣት ዲያቆን ታሪኩን በአጭሩ እንዲናገር ተስማምተናል። የአቡነ ጴጥሮስን ለሐምሌ እናቆየው። እሳቸው ለብቻቸው መዝሙር ይገባቸዋል፤ ያኔ አንተው ስንኝ ትልክልናለህ።

የቀረን የመጨረሻው ቤት ነው። ዕብራውያን 11፥37ን ላስገባ አስቤ ነበር፤ «በመጋዝ ተሰነጠቁ» የሚለውን ግን ለሕፃናት አልፈልገውም። 12፥1 ላይ ያለው የምስክሮቹ ደመና ይሻለኛል። «ደመና» ቤት የሚመታ ጥሩ ቃል ያላችሁ ወዲህ በሉ። «ጤና» እና «ዝና» ተሞክረዋል፤ ሁለቱም አይሆኑም።