የእቁብ እጣ መሸጥ ንግድ ነው ወይስ አራጣ?

ጠያቂው፦ አሰላሙ ዐለይኩም ጀመዓ። 40 ሰው ሆነን በየሳምንቱ 5,000 ብር የምንጥልበት እቁብ አለን። ለአንድ ሰው 200,000 ይደርሳል። በሁለተኛው ሳምንት ለእኔ ወጣ። ወዲያው ጎረቤቴ፣ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «12 ሺህ ልስጥህና ልቀቅልኝ፣ አንተ በእኔ ተራ ትወስዳለህ» አለኝ። ክረምት ሳይገባ ዕቃ ማስገባት ፈልጎ ነው። 12ቷን ልቀበል?

የመርካቶ ልጅ፦ ይሄማ ምን ይጠየቃል፣ ተቀበል እንጂ! እጣ ሲሸጥ አይተን ነው ያደግነው። ማንም አላስገደደውም፣ ራሱ ነው የለመነህ።

እህት ከደሴ፦ ወንድሜ፣ አራጣ አበዳሪም ማንንም አያስገድድም፤ የቸገረው ራሱ ነው በሩን የሚያንኳኳው። የሚሸጠው ምንድነው? ጨርቅ አይደል፣ ጤፍ አይደል። ዛሬ 200 ሺህ ይለቃል፣ በኋላ 200 ሺህ ይወስዳል፣ በመሃል 12 ሺህ ይተርፈዋል። ገንዘብ በገንዘብ፣ ከነጭማሪው ከነቀጠሮው። ቁርኣን ውስጥ አል-በቀራህ 275ን አንብበው። እዚያም «መሸጥ ያው እንደ አራጣ ነው» ብለው የተከራከሩ አሉ።

ከሪያድ፦ እህቴ ልክ ናት። እዚህ እቁብን ጀምዒያ ይሉታል። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1410 ሂጅራ በአብላጫ ድምፅ ፈቅዶታል። ነገሩ እርስ በርስ መበዳደር ስለሆነና ሁሉም የጣለውን ያህል ስለሚወስድ ነው። አንዱ 12 ሺህ ካተረፈ ግን ያ ምክንያት የት ገባ?

የመርካቶ ልጅ፦ እሺ፣ የብሩ መርከስስ? ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ ሁላችንም አይተናል። ጠያቂው በጎረቤቱ ተራ፣ ምናልባት 35ኛው ሳምንት ላይ፣ 200 ሺህ ሲቀበል ምን ሊገዛበት ነው? 12ቷ ኪሳራ ማካካሻ ናት።

እህት ከደሴ፦ 40ኛ የሚወጣላት እናትስ? እሷን ማን ካሳት? ብሩ ሲረክስ የሁላችን ነው የሚረክሰው። እጣ ቀድሞ የወጣለት ብቻ ካሳ የሚጠይቅበት ምክንያት አልገባኝም።

የባንክ ሰው፦ እኔ ከወለድ ነፃ ክፍል ነው የምሠራው። ከፈለግክ በሙራባሃ መልክ አድርገው። ብሩን ራስህ ተቀበል፣ ብርድ ልብሱን በ200 ሺህ ገዝተህ ተረከብ፣ ከዚያ በ212 ሺህ በዱቤ ሽጥለት።

የመርካቶ ልጅ፦ ሃሃሃ! ያቺው 12 ሺህ! በፊት በር አትግባ ተብላ በጓሮ ገባች። ሰው ባንኮቹን የሚያማው እኮ ለዚህ ነው።

የባንክ ሰው፦ ቁጥሩ አንድ ነው፣ አልክድም። ግን ብርድ ልብሱ መጋዘንህ እያለ ዝናብ ቢያበሰብሰው የማን ኪሳራ ነው? ያንተ። ሰውየው ቢዘገይስ? 212 ሺህ 212 ሺህ ነው፣ አምስት ሳንቲም አትጨምርም። ወረቀት ላይ ብቻ ገዝቶ ዕቃውን ሳያየው የሚሸጥ ካለ እሱን እማው፣ እኔም አብሬህ አማዋለሁ። ብዙ ደንበኛም ዕቃውን ትቶ ብሩን ስጡኝ ይለናል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

እህት ከደሴ፦ አንድ ነገር ረስተሃል። «እጣው ሲወጣልኝ እከፍላለሁ» ካለ አይሆንም፣ መቼ እንደሚወጣለት አላህ ነው የሚያውቀው። የዱቤ ሽያጭ ቁርጥ ያለ ቀን ይፈልጋል።

የባንክ ሰው፦ እውነትሽን ነው፣ ቀን ይቆረጥለት።

ጠያቂው፦ ጀዛኩሙላሁ ኸይር። እኔ ቅመም ነጋዴ ነኝ፣ ብርድ ልብስ ጥሩውን ከመጥፎው አልለይም፣ መጋዘንም የለኝም። ትናንት ማታ ተራዬን እንዲሁ ለቀቅኩለት፣ ያለ ምንም። ባለቤቴ «12 ሺህ ብር በእጅህ ሸኘህ» ብላ አኩርፋለች፣ ወላሂ እኔም ትንሽ ቆጭቶኛል። አሁን ደግሞ የእቁቡ ዳኛ «ሁለት ዋስ ካላመጣ አላስረክብም» አለ። አንዱ ዋስ እኔው ሆኛለሁ። ሁለተኛውን እየፈለግን ነው።