ወንድሜ ታስሮብኛል፤ ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። የ19 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነው። የመኪና ባትሪ ሰርቀሃል ተብሎ ከሦስት ሳምንት በፊት ተያዘ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ፖሊስ ግን ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፤ ሲያልቅ ሌላ 14 ቀን ተጨመረ። "ምስክር ይቀረናል" ነው ምክንያታቸው።

የሚያንገበግበኝ የሰጠው ቃል ነው። ሌሊት ሳያነብ ፈርም ተብሎ ፈርሟል። በማግስቱ ምሳ ሳደርስለት እንደ ደንቡ ቅመሽ አሉኝ፤ አንድ ጉርሻ ቀምሼ ሳቀብለው "እህቴ፣ ምን ላይ እንደፈረምኩ አላውቅም" አለኝ። አውራ ጣቱ ላይ የአሻራው ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። አልተመታም፤ አስፈራርተውት ነው የፈረመው። ይህን ለዳኛው መቼ ይናገር፣ አሁን ወይስ ክስ ሲመሠረት?

ደግሞ አንድ ጎረቤታችን "ሕጉ እየተለወጠ ነው፣ በአዲሱ ነው የሚቀጣው" ብሎ እናቴን እንቅልፍ ነስቷታል። አንቀጽ 22ን ሳነበው የሚሠራው ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረው ሕግ ነው፤ አዲሱ የሚጠቅመው ከሆነ ግን አዲሱ። በትክክል ተረድቼዋለሁ?

ጠበቃ ለማቆም አቅም የለንም። መንግሥት በነጻ የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ በምርመራ ጊዜም ይቆምለታል? ማመልከቻውስ ለማን ይጻፋል? ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዋስትና ለመጠየቅ ምን ይዤ ልሂድ?