«ዕዳዎን እናስቀንስልዎታለን» ባዩን ደዋይ ወንድሜ አምኖታል፣ ምን ላድርግ?

እባካችሁ ምከሩኝ። ታላቅ ወንድሜ የባንክ ብድር ከብዶታል። ሰሞኑን አንድ ሰው እየደወለ «ከባንኩ ጋር ተነጋግረን ዕዳዎን በግማሽ እናስቀንስልዎታለን፤ አስቀድመው የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ፣ ለባንኩ መክፈል ያቁሙ፣ ለማንም አይናገሩ» ይለዋል። በጣም ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው። እውነተኛ አማካሪ ምስጢር ምን ያደርግለታል? ክፍያው ቢቋረጥ ወለዱና ቅጣቱ የሚቆለለው ወንድሜ ላይ ነው።

እሱ ግን «ስልኬ ላይ የባንኩ ስም ወጥቷል» ብሎ አምኗል። የደዋይን ስምና ቁጥር አስመስሎ ማሳየት እንደሚቻል ብነግረውም አልሰማኝም። እስካሁን ገንዘብም የምስጢር ቁጥርም አልሰጠም፣ ተመስገን። ስልኩን ዘግቶ፣ ብድር ውሉ ላይ ባለው ቁጥር ራሱ ባንኩን እንዲጠይቅ ለምኜዋለሁ፤ አፍሮ እምቢ አለ።

ሳላስቀይመው እንዴት ላሳምነው? አብሬው ባንክ ብሄድስ፣ ስለ ክፍያ ማራዘሚያ ምን ብለን እንጠይቅ?